ጣርማበርን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ውረደው

«ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ነው የምኖረው። ድሮ የምነዳው ማኑዋል ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ያገለገለች አውቶማቲክ ራቭ ፎር ገዛሁ። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ሸዋ ሮቢት አማቴ ዘንድ ቶሎ ቶሎ እወርዳለሁ። ካምቢዮው ላይ ከዲ በታች 3፣ 2 እና ኤል የሚሉ አሉ፤ ነክቻቸው አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ‹ቁልቁለት ላይ ኒውትራል አድርገህ ልቀቃት፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ› ይለኛል። እንዳለኝ አደርግ ነበር። ባለፈው ግን ደብረ ሲና ልንገባ ስንል የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ የፍሬኑ ፔዳልም ወደ ታች ሰመጠብኝ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ‹በዚህች መኪና ጣርማበርን አልወርድም› ብላለች።

ሌላው የመብራቱ ነገር ነው። የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለው መብራት ድሮ ጭቃ ላይ ብልጭ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። የፊት ሁለት ጎማዎችን ከቀየርኩ በኋላ ግን በርቶ ይውላል። መካኒኩ ‹ሴንሰር ነው፣ ተወው› ብሎ በጥቁር ፕላስተር ሸፈነልኝ። የኋላዎቹ 225/65 አር 17 ናቸው። ከፊት ያስገባኋቸው ያገለገሉ ሆነው 215/60 አር 17 ይላሉ፤ ጥርሳቸው ግን ጥሩ ነው። ጎናቸው ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ 1514 የሚል ቁጥር አለ። በመጨረሻም፣ የአማቴ ግቢ ተዳፋት ነው። ጠዋት ከፒ ሳወጣት ‹ጓ!› ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

ባለ ራቭ ፎሩ፣ ከጠባሴ

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ባለቤትህ ልክ ናት። ፍሬኑ ተፈትሾ እስኪስተካከል ድረስ እሷም ልጆቹም አይሳፈሩ፤ አንተም ቁልቁለቱን አትሞክረው።

የሸተታችሁ የፍሬን ሸራ ነው። ከሽታው የከፋው ግን የፔዳሉ መስመጥ ነው። ፍሬኑ ከመጠን በላይ ሲግል ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዝ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ እግርህ የሚገፋው ጋዙን ይሆንና ጎማው ዘንድ የሚደርስ ኃይል አይኖርም። ቆመህ ስታቀዘቅዘው ፔዳሉ ተመልሶ ይጠነክራል፤ ብዙ ሰው «ተሻላት» ብሎ ጉዞውን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። አልተሻላትም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር፤ ከላይ መሙላት አይበቃም። ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ሸራዎቹንና ዲስኮቹንም ጎማ አስወልቀህ በዓይንህ እይ። ግለው የጠቆሩ ወይም የተሰነጠቁ ከሆኑ እነሱም ይቀየሩ።

አሁን ለምን እንደጋለ እንነጋገር። ጣርማበር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የምትወርድበት ተራራ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ካለው የመኪና ዋሻ ወጥተህ አማትህ በር እስክትደርስ ቢያንስ 1700 ሜትር ቁልቁል ትወርዳለህ ማለት ነው። ይህ ከፍታ የሚለቀው ጉልበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄድን መኪና ከ40 ጊዜ በላይ ከማቆም ጋር እኩል ነው። መኪናዋ ብትከብድም ብትቀልም ሒሳቡ ያው ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ የተወሰነውን ይወስዳሉ። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። ኒውትራል ስታደርግ ሞተሩን ከጨዋታ ውጭ አደረግከው። ጣርማበርን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ጫንከው።

ወንድምህን እንዳከብራቸው እወቅልኝ። ግን ይህ ምክር በጭነት መኪናም ቢሆን ልክ አልነበረም፤ በከባድ መኪና እንዲያውም ይብሳል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ባንተ መኪና ተገላቢጦሽ ነው። በማርሽ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይቆርጠዋል። ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ግድ ይለዋል። እኚህን ሁለት ነገሮች ንገራቸው፤ ነዳጅ መቆጠብ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ሁለተኛው ይገባቸዋል። ሞተር አጥፍቶ መውረድን ደግሞ በሐሳብህም እንዳታመጣው። የመሪው እገዛ ይቆማል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ የአየር ስበትም ጥቂት ረገጣ እንዳደረግህ ያልቃል።

በነገራችን ላይ ይህ የፍሬን እገዛ የሚሠራው በውጭ አየር ግፊት ነው። ጣርማበር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እገዛውም ይቀንሳል። እዚያ ላይ ፔዳሉ ጠንከር ቢልብህ ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው መስመጡ ነው።

እሺ፣ ታዲያ በዲ እንውረድ? አይበቃም። ካምቢዮው መንገዱን አያይም። ነዳጅ ሳትሰጥ ፍጥነት ሲጨምር ሲያይ «ሜዳ ላይ እየሄድን ነው» ብሎ ወደ ትልቁ ማርሽ ይወጣል። ትልቁ ማርሽ ላይ ሞተሩ የሚይዝልህ ትንሽ ነው። እነዚያ ነክተሃቸው የማታውቃቸው ለዚህ የተቀመጡ ናቸው። 3 ላይ ስታደርገው ካምቢዮው ከሦስተኛ በላይ አይወጣም፤ 2 ላይ ከሁለተኛ፣ ኤል ላይ ደግሞ አንደኛው ላይ ይቆያል። ማኑዋል ስትነዳ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ተብለህ ይሆናል። አውቶማቲክም ላይ የሚሠራ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋሻው ጋ ሳትደርስ ፍጥነትህን በፍሬን ወደ 50 አውርድና 3 ላይ አድርገው። ከዋሻው ወጥተህ ጥምዝምዞቹ ሲጀምሩ ወደ 40 ቀንስና 2 አስገባው። ቅደም ተከተሉን አደራ፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ማርሽ። በ80 እየበረርክ 2 ብትጎትተው ወይ ካምቢዮው እምቢ ይልሃል፣ ወይ ጎማዎቹ ይንገጫገጫሉ። ትክክለኛውን ማርሽ የምታውቀው እግርህን ከሁለቱም ፔዳል ስታነሳ ነው። ፍጥነቱ ባለበት ከቆየ ወይም በጣም ቀስ ብሎ ከጨመረ ይኸው ነው። ቶሎ ከጨመረ አንድ ዝቅ በል። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ 3000 እና 4000 መካከል ቢቆም ምንም አይሆንም፤ ቀዩ መስመር ውስጥ ብቻ እንዳይገባ። ልጆቹ «አባ ምን ሆነች?» ሲሉህ «እየያዘችልን ነው» በላቸው።

ፍሬኑንስ? ትጠቀምበታለህ፤ ግን እግርህን ጥደህ አትውረድ። ከ45 ወደ 35 ረገጥ አድርገህ አውርደው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። በመሃል አየር ያገኛል። ለረጅም ጊዜ በትንሹ ተጭኖ መውረድ ነው ሸራውን የሚጠብሰው። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባ ቢነፋ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ አሳልፈው። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።

ዳግመኛ ሽታ ከመጣ ፔዳሉ እስኪሰምጥ አትጠብቅ። ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀዝቅዛት። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስ፤ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። (ስትሄድ ደግሞ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሳ! ሰው አስፋልት ላይ ጥሎት የሄደው ድንጋይ ማታ በጉም ለሚመጣ ሰው ምን እንደሚሆን አስበው።) እየሄድክ ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግመህ ምታው፤ አንዳንዴ ግፊቱ ትንሽ ይመለሳል። ማርሹን ወደ 2፣ ከዚያ ወደ ኤል አውርድ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነህ እንደያዝክ ቀስ በቀስ ሳብ። አማራጭ ከጠፋ ወደ ተራራው ጥግ ጠጋ በል፤ ወደ ገደሉ አትሽሽ።

ወደ መብራቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ተናድጃለሁ፤ ባንተ አይደለም። ፕላስተሩን ዛሬውኑ ላጠው።

ያ መብራት የመረጋጊያው ሥርዓት፣ ቪ ኤስ ሲ የሚባለው ነው። አራቱም ጎማዎች ላይ የዙር ፍጥነት የሚቆጥሩ ሴንሰሮች አሉ። ሌላ ሴንሰር መሪውን ወዴት እንዳዞርክ ያያል። ሌላው ደግሞ መኪናዋ በእርግጥ ወዴት እየዞረች እንደሆነ ይለካል። አንተ ያዘዝከውና እሷ የሄደችበት አልገጥም ሲል ኮምፒውተሩ አንዱን ጎማ ብቻ ነጥሎ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ጭቃ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል የነበረው እየሠራ ስለነበረ ነው። በርቶ ሲቀር ግን ሥርዓቱ ወይ ጠፍቷል ወይ ተበላሽቷል። ከኤ ቢ ኤስ መብራት ጋር አብሮ ከበራ ድንገት ስትረግጥ ጎማው እንዳይታሰር የሚጠብቅህም የለም።

ታዲያ ጎማ ከቀየርክ በኋላ መጣ ማለትህ ብዙ ነገር ይናገራል። እስቲ አብረን እናስላ። 225/65 አር 17 ከአፍ እስከ አፍ 724 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 215/60 አር 17 ደግሞ 690 ገደማ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ወደ 5 በመቶ ያንሳሉ። አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄድ የፊቶቹ 22 ዙር ያህል አብልጠው ይዞራሉ። ቀጥ ባለ ደረቅ አስፋልት ላይ እየሄድክ እንኳ ኮምፒውተሩ የፊት ጎማዎች ሁልጊዜ እየተንሸራተቱ ነው የሚመስለው። ተደናግሮ ሥራ ቢያቆም አይገርምም። መኪናህ ባለ ፎር ዊል ከሆነች ደግሞ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ያለ እረፍት እየተፋተገ ይግላል፤ ያ ሲበላሽ የጎማ ዋጋ ትዝም አይልህ። ስለዚህ መጀመሪያ አራቱንም አንድ ዓይነት መጠን አድርጋቸው። መብራቱ ከዚያም በኋላ ካልጠፋ በኮምፒውተር የሚፈትሽ ጋራዥ ይየው። ጎማ ሲፈታ የተነካ ገመድ ወይም ጭቃ የያዘው ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

አሁን ያ 1514። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማዎችህ በፈረንጆች 2014 በ15ኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው። «ጥርሳቸው ጥሩ ነው» ያልከው እውነት ይሆናል፤ ላስቲኩ ግን አርጅቷል። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ቀይሩት ይላሉ። ያረጀ ላስቲክ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፣ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። በደብረ ብርሃን ውርጭማ ጠዋት ደግሞ የባሰ ይደርቃል። መኪናዋ መንገዱን የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መዳፍህን ቢያህል ነው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ቪ ኤስ ሲውም የሚሠሩት በእነዚያ መዳፎች ነው። ቪ ኤስ ሲ ያለውን መጨበጥ ያከፋፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

አራት መግዛት ከከበደህ፣ ኪስ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሁለት በትክክለኛው መጠን ግዛና አዲሶቹን ከኋላ አስደርግ፤ ከኋላ የነበሩት ወደ ፊት ይምጡ። ጎሚስታው «አዲስ ከፊት ነው» ሊልህ ይችላል፤ አትስማው። የፊት ጎማ ሲሸሽህ እግርህን ስታነሳ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይይዛል። የኋላው ሲሸሽ ግን መኪናዋ ትሾራለች፤ ጣርማበር ጥምዝምዝ ላይ ለመሾር የሚሆን ቦታ የለም። ፎር ዊል ከሆነች ግን እንደምንም ብለህ አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር። ከኋላ የነበሩት የድሮዎቹ የጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነም አውጣቸው። በቦዮቹ መሃል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሆነው ካየህ እዚያ ደርሷል።

የጎማዎቹን ንፋስ ጠዋት ሳትነዳት በፊት ለካ። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው እንጂ መሙያው አይደለም። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጎማው ከመንገዱም ከአገሩም ሞቆ ንባቡ ከፍ ይላል። እዚያ «በዛ» ብለህ አታስተንፍሰው፤ ማታ ደብረ ብርሃን ስትመለስ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

ቪ ኤስ ሲውን የሚያጠፋው ቁልፍ የተሠራው ለአንድ ነገር ነው። መንዝ በኩል ጭቃ ውስጥ ብትያዝና ጎማው ትንሽ መሽከርከር ቢያስፈልገው ኮምፒውተሩ ጉልበት ስለሚቆርጥብህ ታጠፋዋለህ። እንደወጣህ መልሰህ አብራው። አስፋልት ላይ አይጠፋም።

ክረምት ላይ፣ ጉሙ ዋሻው አፍ ላይ ሲተኛ፣ ከላይ ያልኩህን ፍጥነት ሁሉ በ10 ኪሎ ሜትር ቀንሰህ አድርገው። አጭሩን መብራት ተጠቀም፤ ረጅሙ ጉሙን መልሶ ዓይንህ ላይ ያበራዋል። እርጥብ ጥምዝምዝ መሃል ላይ ማርሽ አትቀንስ፤ ከመታጠፍህ በፊት ጨርስ። ድንገት መርገጥ ካለብህና ኤ ቢ ኤሱ እግርህ ሥር ትር ትር ካለ አትልቀቅ፤ እየረገጥክ መሪውን አዙር። ጠጠር ላይ ግን ኤ ቢ ኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝመው ይችላል፤ የምትጠብቀውን ርቀት አስፋ።

ስትመለስ አቀበቱ ላይ ካምቢዮው በሦስትና በአራት መካከል ሲዋልል ከሰማኸው 3 ላይ አድርገው። ሲዋልል የካምቢዮው ዘይት ይግላል። ከፍ ባልክ ቁጥር ሞተሩ ይደክማል፤ አየሩ ስለሳሳ ነው። የሙቀት ጌጁን አትርሳ፣ ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፋ። የካምቢዮውን ዘይትም አሳይ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ጊዜው አልፏል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ኤሌክትሪክ የገዛችሁ አንባቢዎችም አላችሁ። የእናንተ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ ይይዛል። ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ መያዙ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ እስከ 100 ሞልታችሁ ጣርማበርን አትውረዱ። ቦታ ተዉለት።

ቀረች የአማትህ ግቢ። «ጓ» የሚለው ፒ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ጥርስ ነች። ሙሉ በሙሉ ቆመህ በቀጥታ ፒ አስገብተህ እግርህን ስታነሳ መኪናዋ ተንሸራታ ክብደቷን በሙሉ በዚያች ጥርስ ላይ ትጥላለች። ጠዋት ስታላቅቃት ትጮሃለች። ቅደም ተከተሉን ለውጠው። ፍሬን ረግጠህ ቁም፣ ኒውትራል አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ሳብ። ከዚያ እግርህን ቀስ ብለህ አንሳና መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ላይ ትረፍ። ከዚያ በኋላ ነው ፒ። ጠዋት ስትወጣ ደግሞ ፍሬን ረግጠህ መጀመሪያ ከፒ አውጣት፣ የእጅ ፍሬኑን በመጨረሻ ልቀቅ። ይህን እያደረግህም «ጓ» ማለቷ ካልቀረ ሞተሩንና ካምቢዮውን የተሸከሙት ላስቲኮች ተበልተው ይሆናል፤ ፍሬኑን ልታሠራ ስትገባ አብረው ይታዩልህ።